ድንጋይም ዛፍም እንዳይቆምበት

ይድረስ ለአባኮ፣ አፈር ከለበስክ ሁለተኛ ክረምትህን ለያዝከው አባቴ፤

እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን አይቼ መጥቻለሁ። እኛ አለን። እናቴ አዮ ከእኔ ጋር ነቀምቴ ናት። ከገበያው በታች አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ አንሰማም። መጀመሪያ ሰሞን ማለዳ በሩን ከፍታ ላሞቹን በዓይኗ ትፈልግ ነበር። ላሞቹን ሸጥናቸው፤ ቤታችንም የለም። በአማርኛ የምጽፍልህ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው። በኦሮምኛ አለቅሳለሁ፤ መጻፉን ግን ያስተማረኝ የለም።

የተቀበርክ ዕለት የሆነውን ማንም አልነገረህም፤ ልንገርህ። በእምነታችን ምክንያት በደብሩ ግቢ ቦታ የላችሁም ተባልን። የእኛ የወንጌላውያን ማኅበር ያኔ የራሱ መቃብር አልነበረውም፤ ሰው ሲሞት በየጓሮው ይቀበራል። ጓሮ ያለው ሰው ማለቴ ነው። ጭሰኛ ምን ጓሮ አለው? አንተን ገንዘን አስተኝተን፣ ወንድሜ ገመቹ የባለመሬቱን ፈቃድ ሊለምን ወደ ግራዝማች ቤት ሮጠ። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልክህን ስታስፈቅድ ኖረህ ለመቀበርም ታስፈቅድ?

ግራዝማች ራሳቸው አልመጡም፤ ወኪላቸውን ላኩ። ሰውየው ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ከጎተራው ጀርባ ቅበሩት፣ ግን ድንጋይ አይቁምበት፣ ዛፍ አይተከልበት፣ አጥርም አይታጠርለት አለ። ነገ ልጆቹ የአባታችን አጥንት ያረፈበት መሬት ነው ብለው እንዳይነሱ ነው፣ ብሎም ምክንያቱን አልደበቀንም። አስከሬንህ ደጅ ወጥቶ ሳለ ነው እንዲህ ያለው! ልመልስለት አፌን ስከፍት አዮ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጎረቤታችን ቀነአ ከሁሉም አብልጦ ቆፈረ፤ እንደ ወንድምህም አለቀሰ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጉብታው ምልክት እንዳይሆን ተብሎ በእግር ተደለደለ። ከረገጡት አንዷ እኔ ነኝ።

የሚፈሩት ወደው አይደለም። ያ መሬት የአባትህ እንደነበር ግራዝማችም ያውቃሉ። መንግሥት ቀላድ ጥሎ መሬቱን ሲለካና ለእሳቸው አባት ሲሰጥ፣ አንተ ገና በእናትህ ጀርባ ትታዘል ነበር። ከዚያ በአባትህ ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆነህ አረጀህ። ከምርትህ ሲሶ ትሰጥ ነበር፤ ኋላ እኩል ሆነ። በዓል ሲመጣ ደግሞ መተያያ ተብሎ በግ ይነዳል፣ ማር ይወሰዳል። የማሩን ቅል እኔ እሸከመው ነበር፤ ጣቴን እንዳልነክርበት ከኋላዬ እየመጣህ ትስቅብኝ ነበር። ደጃቸው ሳንደርስ ሳቅህን ትተህ ባርኔጣህን ታወልቅ ነበር። ከዚያ በር ላይ ሌላ ሰው ትሆንብኝ ነበር፣ አባኮ፤ ትከሻህ ሁሉ ያንሳል።

በቆሎ ሲካፈል ታስታውሳለህ? እኔ የነቀዘውን እየመረጥኩ በእሳቸው ጆንያ ስከት፣ አንተ አንድ በአንድ መልሰህ ታወጣው ነበር። በኋላ ልጅቷ ተንኮለኛ ናት ይሉሻል ትለኛለህ። ጥሩ ጥሩው ሄደ፣ የነቀዘውን እኛ በላነው። ይኸው እስከ ዛሬ ተንኮለኛ ሳልባል አለሁ፤ ምን ጠቀመኝ?

በአንድ ነገር ግን አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ማታ ማታ የእግርህን ጭቃ ሳትታጠብ አኖ ከተማ ድረስ ሄደህ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ሬዲዮ ታዳምጥ ነበር። የጭሰኛ ሕግ በምክር ቤት እየተመከረበት ነው ሲባል ሰምተህ፣ ፊትህ በርቶ ትመጣለህ። በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል ትላለህ። ዓመቱ ይመጣል፤ አሁንም እየተመከረበት ነው። አባኮ፣ እዚያ ምክር ቤት የተቀመጡት እነማን ነበሩ? ባለመሬቶቹ አይደሉም ወይ? በገዛ እጃቸው መሬታቸውን ሊያካፍሉህ? ይህን ስልህ፣ ነገረኛ፣ ሰው እኮ ልብ አለው ትለኝ ነበር። አንተ ልብ ስላለህ ሁሉም ያለው ይመስልሃል። ገር ነበርክ፣ እና ገርነትህ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረኛል።

እዚህ ትምህርት ቤት እኔ ምን እንደማስተምር ታውቃለህ? ግብረ ገብ! እሰይ ልጄ በል። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብዬ በቆንጆ ፊደል እጽፋለሁ። ዞር ስል ተማሪዎቹ ቀና ብለው ያዩኛል። ግማሾቹ የጭሰኛ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ምን እንደሚመስሉ ከለበሱት አሮጌ ኮት አውቃለሁ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ገልብጡ እላቸዋለሁ፣ ይገለብጣሉ።

ዋናውን ልንገርህ። ባለፈው መኸር እንደገባ ግራዝማች መሬቱን ከአዲስ አበባ ለመጣ አንድ ሀብታም አከራዩት። በትራክተር ሊያርስ ነው። ጭሰኛው ሁሉ ውጣ ተባለ። ስንት ትውልድ ያረሰ ሰው ባንድ ቃል ወጣ። ገመቹም ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ሄደ። ቤታችን ሲፈርስ አዮ ለቤቱ አላለቀሰችም። ባይሆን እሱ የተኛባትን ታህል አጥሩልኝ ብላ ወኪሉን ለመነች። የቱ መቃብር? አላት። እዚህ መሬት ላይ መቃብር የለም።

ነቀምቴ ፍርድ ቤት ከሰስን። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቁጭ ብለው ሰሙን። አዮ በኦሮምኛ ስትናገር እኔ በአማርኛ አስተረጎምኩ። የአባታችሁ መቃብር ድንጋይ አለው ወይ አሉ። የለውም። ዛፍ? የለውም። አጥር? እሱም የለም። እንዳናደርግ ከልክለውን ነው ጌታዬ ስላቸው፣ የከለከሉበት ወረቀት አለ ወይ አሉ። ሬሳ ፊት ቆሞ ወረቀት የሚያጽፍ ማን አለ? ምስክር አምጡ ተባልን፤ ቀነአን ጠራን። ቀነአ አሁን የእርሻው ዘበኛ ሆኗል። የሰጡትን ካፖርት ለብሶ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ብዙ ቀብር ቆሜያለሁ፣ ይኼኛውን አላስታውስም አለ።

ሲወጣ በር ላይ አዮን ሊስም ተጠጋ። እሷ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቀችው። እኔ ሰላምታውን አልመለስኩም። ቤት ሙሉ ልጅ አለው፣ ቢመሰክር ከነልጆቹ እንደሚባረር አውቃለሁ። ማወቄ አላበረደኝም። ፍርዱ በዚያው ዕለት ተሰጠ፤ ምልክት የለምና መቃብርም የለም ተባለ። በግራዝማች ክልከላ እኛ ተረታን። በሳምንቱ ታረስክ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ አፈሩ ይቅለልለት ብሎልህ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ትራክተር ባየሁ ቁጥር ምን ያህል ይከብድ ይሆን እላለሁ።

በዚህ ወር አንድ ቀን አዮ ጠዋት ወጥታ ጠፋችብኝ። ከተማውን ሙሉ ፈለግኋት። ለካ የቀን ሠራተኛ የሚጭነው መኪና ላይ ወጥታ በቆሎ ልታርም ወደ አንተው መሬት ሄዳለች! ከቀናት በኋላ ተመልሳ እጇን አየሁት፤ ቆስሏል። አልተቆጣኋትም። በሌላው ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። አስተማሪዋ ልጅህ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፍኜ መኪናው ላይ ቆምኩልህ።

ጎተራው የለም፣ ደጃችን የነበረው ዋርካ የለም፣ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ነው። እኔ ጠፋብኝ። አዮ ግን ማዶ ያለውን ኮረብታና የወንዙን መታጠፊያ እያየች ረድፍ ቆጠረችና ቆመች፤ ጀርባዬን ነካችኝ። ጎንበስ አልን። የዚያችን ቦታ አረም ሥር ሳይቀር በጣታችን ለቀምነው። ካቦው ከዳር ሆኖ አሮጊቷ እንቅልፍ ወሰዳት ወይ እያለ ይጮህብናል። አዮ ቀና አላለችም። እኔም አፈሩን በመዳፌ ይዤ፣ አባኮ መጣን፣ አልኩህ በቋንቋህ። ሰምተህ ይሆናል።

ማታ ተሰልፈን የቀን ሒሳባችንን ተቀበልን። አየህ፣ የአባቴን መቃብር በማረሜ ከፈሉኝ! በንዴት ልጥለው ነበር፤ አዮ ያዢው፣ የሚመጣው ዓመት የመኪና ሒሳብ ይሆነናል አለችኝ።

እኔም ያዝኩት። በቁሜ እስካለሁ ድረስ አረም በደረሰ ቁጥር ከቀን ሠራተኞች ጋር እሰለፋለሁ። አዮ ጉልበቷ ሲደክም ብቻዬን እመጣለሁ። ልጅ ከወለድኩ አዝዬው እመጣና ቦታውን እንዲያውቀው ባዶ እግሩን አቆመዋለሁ። ካቦውም ይጩህ። እዚያች ረድፍ ላይ ስደርስ ቀስ እላለሁ።

ልጅህ ጫልቱ