አልታዘልም ያሉት እኅታችን፤ የወ/ሮ መስታወት ገብረ ሊባኖስ የሕይወት ታሪክ (1978–2018 ዓ.ም.)

እኅታችን ወ/ሮ መስታወት ገብረ ሊባኖስ ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ሊባኖስ አጥናፉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሰንበት ቢያዝን በዋግ ኽምራ፣ ፃግብጂ ወረዳ ጥቅምት 5 ቀን 1978 ዓ.ም. ተወለዱ። በሦስት ዓመታቸው የልጅነት ልምሻ ሁለት እግሮቻቸውን አደከመባቸው።

አባታችን ግን ለቅዳሴም ሆነ ለሰንበቴ ሲሄዱ ቤት ጥለዋቸው አልሄዱም፤ በጋቢያቸው አዝለዋቸው ይወጡ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ለትምህርት ሰቆጣ ያደረሷቸውም በዚያው ጀርባ ነው። እዚያም አክስታችን ወ/ሮ ባንቺ ቤት ተቀምጠው በክራንች መሄድ ለመዱ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲሸከማቸው አልፈቀዱም። ጭቃ ሆኖ ልንደግፋቸው ብንጠጋ «እናንተ ሁለት እግር፣ እኔ አራት!» ብለው ያባርሩን ነበር።

በባሕር ዳር በልዩ ፍላጎት ትምህርት በዲግሪ ተመርቀው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሰቆጣ አስተማሩ። በ2003 ዓ.ም. ከመምህር ምስጋናው ካሤ ጋር በተክሊል ተጋብተው በ2005 ዓ.ም. ፀጋን ወለዱ። ሁለት እጃቸው ክራንች ስለሚይዝ ፀጋን አዝለው መንገድ አልወጡም። አማርረው አያውቁም፤ ልጅ ያዘለች ሴት ስታልፍ ግን ዓይናቸው ይከተላት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ተመርጠው ለሁለት ዓመት ማላዊ ሄዱ። «ራሷ ረዳት የምትሻ፣ ማንን ልትረዳ ነው?» ያለም አልጠፋም። በሄዱበት ገጠር እግራቸው የደከመ ልጆችን እናቶቻቸው ከጀርባቸው አያወርዷቸውም ነበር። እኅታችን ከመንደሩ አናጢ ጋር ልጆቹ ይዘው የሚቆሙበት የእንጨት መደገፊያ አሠሩና «አውርጂው፤ ቢወድቅ ይነሣል» እያሉ አስተማሩ። እናቶቹ መጀመሪያ ተቆጡ። እርሳቸው ራሳቸው ወድቀው ሲነሡ ካዩ በኋላ ግን አንድ ሁለት እያሉ ማውረድ ጀመሩ።

አንድ እሑድ ስልክ ደውለው አባታችንን «አባ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ልጁን አዝሏል። ጀርባዎ ናፈቀኝ» አሏቸው። አባታችን ስልኩን ለእናታችን ሰጡ።

በ2011 ዓ.ም. ሲመለሱ አባታችን ሰቆጣ መናኸሪያ ጋቢያቸውን ይዘው ጠበቋቸው፤ ጎንበስም አሉ። እኅታችን ስቀው «አሁንስ ማዘል የእኔ ተራ ነበር» አሉና ጎን ለጎን ሄዱ። አባታችን «ያን ቀን እሺ ብትለኝ ምን ነበረበት» ይላሉ፣ እስከ ዛሬ።

ኋላም በጦርነቱ ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ሲጠለል፣ እኅታችን ያንኑ መደገፊያ በመጠለያው አቆሙ። ሰዉ ወደ ቀየው ሲመለስ መደገፊያውን ይዘው አበርገሌ ሊወርዱ ይመኙ ነበር። ያን ሳያዩ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሰቆጣና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ፀጋን፣ እናት አባታችንንና እኛን ሁለት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኛስ ከአሁኑ ናፈቁን።

ዛሬ ወደ ትውልድ ቀያቸው እንወስዳቸዋለን። መኪናው የሚያደርሰን እስከ ዳገቱ ሥር ነው፤ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የድሮው የእግር መንገድ ነው። አባታችን የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ለማንም አልሰጥም ብለዋል፤ እኛም አልከለከልናቸውም።

በአባታቸው ጀርባ ያሳደጋቸው አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። እኅት ዓለም፣ ለዛሬ ብቻ እሺ ይበሉን።