ትድገም ያልኩ ዕለት

ሰኞ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወልድያ

ዛሬ ካርድ ተሰጠ። የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛወረች። እናቷ ለስላሳ ገዝታ ጠበቀቻት። እኔ የአማርኛ መጽሐፏን አውጥቼ «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበለችው። «አሁን ደግሞ ከመካከል» ስላት ጣቷ ገጹ ላይ ቀረ። ክፍል ውስጥ የሚያነቡት በቡድን ነው፤ ጎበዟ ልጅ ታነባለች፣ የቀሩት ተቀብለው ይላሉ። የእኔዋም ዓመቱን ሙሉ ስትቀበል ከርማለች።

ነጠላዬን አጣፍቼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። «መምህር፣ ይህች ልጅ ትድገም» አልኩት።

«እማማ፣ እሷን ካስደገምኩ ግማሹን ክፍል ማስደገሜ ነው። አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ነው የሚማሩት፤ የትኛውን ይዤ የትኛውን ልልቀቅ?»

«የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹስ እንዴት አነበቡ?»

«እነሱማ እኔ ዘንድ አልመጡ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ልጄ በር ላይ ቆማ «አርጅተሽ ፊደል ስለለየሽ ሱፐርቫይዘር ሆንሽ?» አለችኝ። ያልገባኝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ስጭን የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን አለባት! ቃልኪዳን ግን አለቀሰች። «እምዬ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ሲያልፉ እኔ ብቻዬን ልቅር?» አለችኝ።

ክረምቱን እኔው ላስነብባት አስቤያለሁ። መጽሐፏን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ከመካከል ጀምሬያለሁ። እኔም ጣቴን ሳላስከትል አይሆንልኝም። ሁለት ቃል ላይ ቆሜያለሁ። ነገ እነሱኑ ብትጠይቀኝስ...