ልጄን ባሕር ስላደረጉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ጌትነት
ልጆቻችን ለሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ የጭላሎ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዳፈር፣ የቢሮዎም በር እንደ ወትሮው በሰላም ተዘግቶ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በመጨረሻም ጥበቃው በትሕትና ስለመለሰኝ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት ሐሳቤን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረብን መርጫለሁ። ቅጂውን በመጋዘኔ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ገብስ ሊሸጥ የሚመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል።

እኔ ከኢተያና ከአርቦዬ ስንዴና ገብስ እየሰበሰብኩ የምሸጥ የእህል ነጋዴ ነኝ። ልጄ መቅደላዊት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎ ናት። እህሌን በአይሱዙው የሚያመላልስልኝ ጎረቤቴ ሚልኬሳ ነው፤ የእርሱ ልጅ ሐዊ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ከልጄ ጋር በአንድ ዴስክ ስትቀመጥ፣ ምሳዋን ከልጄ ጋር ስትካፈል፣ ማታም ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ከልጄ ጋር ስትከራከር ኖራለች። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ የእነዚህ ሁለት ልጆች ጓደኝነት ነው።

በቅድሚያ፣ ትምህርት ቤታችን ከዘንድሮ ጀምሮ «ዓለም አቀፍ» በመሆኑና በእርዳታ በካርቶን የመጣልንን የአሜሪካ የጥንት ታሪክ መጽሐፍ የአራተኛ ክፍል ልጆች እንዲማሩት በመወሰንዎ ምንም ቅሬታ የለኝም። ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ አይጠላም። ከእንግሊዝ በመርከብ ተነሥተው ባሕር ስለተሻገሩት፣ በመጀመሪያው ክረምት በብርድና በረሃብ ስላለቁት፣ የአገሩ ሰዎች በቆሎ አዘራር ስላስተማሯቸው፣ በኋላም አብረው ስለበሉት ግብዣ ልጄ ስትተርክልኝ በደስታ ነው የሰማሁት። ልጆቹ ይህን ግብዣ ለወላጆች የሚያሳዩበት ትርኢት በጾመ ነቢያት ላይ ስለዋለ፣ ቱርክ የምትባለዋን ትልቅ ዶሮ ከካርቶን በማሠራትዎ ደግሞ እኛን ጿሚዎቹን አስበውልናል። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳላዛባ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. መምህርት ቢታንያ ለትርኢቱ ክፍሉን ለሁለት ሲከፍሉ፣ ማን «ሰፋሪ»፣ ማን «ነባር» እንደሚሆን በዕጣ ማውጣት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ጊዜ ለመቆጠብ በስም ለዩ። የመቅደላዊት ዓይነት ስም ያላቸው ልጆች ጥቁር የወረቀት ባርኔጣ፣ የሐዊ ዓይነት ስም ያላቸው የዶሮ ላባ ተሰጣቸው፤ ባርኔጣው በመስኮቱ በኩል፣ ላባው በበሩ በኩል ተቀመጠ። ኢስራ የምትባለው ልጅ ስሟ ለሁለቱም ስላልተመቻቸው መርከቡን እንድትነዳ ተደረገች። እኔ ገብስ ስገዛ ኬሻውን ወግቼ፣ ከሆዱ ፍሬ አውጥቼ እነክሳለሁ እንጂ በላዩ በተጻፈው አልገዛም። ይህ ግን የመጋዘን ልማድ ስለሆነ ለዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አይመጥንም። ከተማችን ከመቶ ዓመት በላይ ሳትደፍር የኖረችውን ሥራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለጨረሳችሁልን አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

፪ኛ. በዚያው ቀን ማታ ልጄ «አባዬ፣ የእኛ መርከብ የት ነው የቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ደጋ ላይ መርከብ የሚቆምበት ቦታ አጣሁላት። ቀጥላም «ሐዊ ‹መቼ ነው የምትመለሱት?› አለችኝ» አለች። ሐዊ ይህን የጠየቀችው በክፋት አይደለም፤ እንግዳ እንደሚጠየቀው ነው የጠየቀችው።

ክቡር ሆይ፣ እኔና ሚልኬሳ ይህን ነገር አናውቀውም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ዴራ ላይ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ጎሚስታ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ «የአንተ ቅድመ አያት መሬታችንን በገመድ ለካ፤ አንተ ስንዴያችንን በሚዛን ትለካለህ፤ ከእናንተ ቤት መለኪያ ጠፍቶ አያውቅም» አለኝ። እኔም «አንተ ደግሞ የተለካውን ሁሉ ጭነህ ትሄዳለህ» አልኩት። ጎሚስታው ሳይቀር ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን እስከ አሰላ ድረስ አያቱ የነገሩትን ሁሉ፣ ማን ከየት እንደተነሣ፣ ማን ለማን ጭሰኛ እንደሆነ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ እኔም ሳላቋርጥ ሰማሁት። ለዚያች ወሬ እስክንበቃ ስንት ዘመን አብረን ሠርተናል፣ ስንት ለቅሶ አብረን ተቀምጠናል። ልጆቻችን ግን ለቅሶም ሥራም ሳያስፈልጋቸው፣ በላባና በባርኔጣ ብቻ ደርሰውበታል። የትምህርትን ፍጥነት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ. እኔም ነገር በገበያ ደንብ የሚያልቅ መስሎኝ መፍትሔ አቀረብኩ። የልጄ አያት፣ የባለቤቴ እናት፣ ወይዘሮ ለሊሴ ይባላሉ፤ ተወልደው ያደጉትም እዚሁ አርሲ ነው። ስለዚህ ልጄ ከሁለቱም ናትና ከሐዊ ጋር ብትቀመጥ ችግር እንደሌለው ለመምህርቷ እንድትነግር ላክኋት። መምህርቷም ነገሩን በጥሞና መርምረው፣ ልጄን ከሰፋሪዎቹ አወጧት፤ ከነባሮቹም አልጨመሯትም፤ ባሕር አደረጓት። ሰማያዊ አንሶላ ለብሳ ወለሉ ላይ እንድትተኛ፣ መርከቡም በላይዋ እንዲያልፍ ተወሰነ። የምትናገረው ነገር ይኖር እንደሆነ ስትጠይቅ «ባሕር አይናገርም» ተባለች። ይህን ያህል የታሰበበት ፍርድ ከሽምግልናም አይገኝም።

፬ኛ. በትርኢቱ ቀን እኔና ሚልኬሳ እንደ ልማዳችን በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሐዊ በቆሎውን ተሸክማ ለሰፋሪዎቹ ስትሰጥ እንግሊዝኛዋ ያምር ነበር። ግብዣው አለቀ፤ መምህርቷ ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነባሮቹ ወደ ምዕራብ ሄዱ የሚል። ላባ ያደረጉት ልጆች በኋላ በር ወጡ። ለጭብጨባው ሁሉም ሲመለሱ ሐዊ አልነበረችም። ሚልኬሳ ተነሥቶ ወጣ። ያገኛት ከግቢው ውጭ፣ ላባዋን እንዳደረገች በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ ነው። «የት ነው?» ሲላት «ሂዱ ተብለናል» አለችው። ወላጆች እያጨበጨቡ ሳለ ልጄ ገና ከአንሶላው ሥር ነበረች፤ ተነሺ ያላት ሰው አልነበረም።

፭ኛ. ልጆቹ ወደ አንድ ዴስክ እንዲመለሱ በመምህርቷ በኩል ለምኜ ስለፈቀዱልኝ እጅ እነሣለሁ። ተመልሰዋል። በዴስኩ መካከል ግን የጠመኔ መስመር ተሰምሯል። ማን እንዳሰመረው ብጠይቅ፣ በጠፋ ቁጥር ተራ በተራ እንደሚያሰምሩት ነገሩኝ። አብረው የሚሠሩት ሥራ ይህ ብቻ ቀርቷቸዋል።

፮ኛ. እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ከረሜላ ገዛን፤ ተቆጣን፤ ሚልኬሳ በቸርቹ አስጸለየ፤ እኔም ስለት ተሳልኩ። አንድ ቀን ሁለቱንም በአይሱዙው ጋቢና፣ በእኔና በእርሱ መካከል አስቀምጠን ኢተያ ድረስ ወሰድናቸው። በአክብሮት ተጠጋግተው፣ ሳይነካኩ ሄደው ሳይነካኩ ተመለሱ። ተጣልታችሁ ነው ወይ ስንላቸው አልተጣላንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተጣልተው ቢሆን እናስታርቃቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ተምረው ነው፤ የተማረን ሰው እንዴት እንደሚያስታርቁት ደግሞ እኔም ሚልኬሳም አናውቅም። በዚሁ መጽሐፍ ፈተና ሁለቱም ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል።

መምህርት ቢታንያን አልወቅስም። ወጣት ናቸው፤ ላባውን በየዶሮ ተራውና በየሆቴሉ ዞረው የሰበሰቡት፣ ባርኔጣውንም አምሽተው የቆረጡት በገዛ እጃቸው ነው። እርስዎንም ለመውቀስ አቅም የለኝም። ካሣም ይቅርታም አልጠይቅም። የገባን ትምህርት የሚወጣበት መንገድ ካለ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ ብቻ እንዲነግሩኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የትምህርት ቤትዎ ዝና ከአርሲ ደጋ አልፎ ባሕር እንዲሻገር እየተመኘሁ፣ ላደረጉልኝም ላላደረጉልኝም ሁሉ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ በየትኛው ወገን እንደምቀመጥ እስኪነገረኝ ድረስ በቆምኩበት የምጠብቅ

አክባሪዎ
ካሣዬ ወንድይፍራው
የእህል ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ሰፋሪዎቹና ነባሮቹ ምን ቢያደርጉ ኖሮ በሰላም አብረው መኖር ይችሉ ነበር? በአሥር መስመር ጻፉ» የሚለው የሰኞ የቤት ሥራ ለሁለቱም ልጆች ተሰጥቷል፤ ሁለቱም ለየአባቶቻቸው አምጥተውታል። እኔና ሚልኬሳ መጋዘን ውስጥ ኬሻ ላይ ተቀምጠን ወረቀቱን ስናየው ውለናል፤ እርሱ «አንተ ጀምር» ይለኛል፣ እኔም «አንተ ጀምር» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሚልኬሳ ከመጽሐፉ ጀርባ የመልሶች ገጽ አገኘና ለትንሽ ጊዜ ተደስተን ነበር። በዚህ ጥያቄ ትይዩ የተጻፈው ግን «የተለያዩ መልሶች ሊኖሩ ይችላሉ» የሚል ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዷ በእርስዎ ዘንድ ካለች፣ አሥር መስመር ባትሞላም ግድ የለንም፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ይላኩልን።