ቀዩን የምትጫነው ሪም ናት

ጅዳ፣ ሸረፊያ
ዙልቃዕዳ 20 ቀን 1446

ለሪም አባት፣ ለአኩራፊው ሰላሀዲን፦

አሰላሙ ዐለይኩም። የመካ ዓዚዚያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሑጃጆቹ ገብተው ሥራ እንደበረታባችሁ ሾፌሩ ጁነዲን ነግሮኛል። ወደ መካ ዕቃ ሊያደርስ ስለሆነ ይህን ወረቀት ከሳምቡሳ ጋር ሰጥቼዋለሁ፤ ሳምቡሳውን መንገድ ላይ ከቀነሰው አላህ ይይለት።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ አላነሣ ስትለኝ በወረቀት መጣሁብህ። «በደወልኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ፤ ካልፈለግሽኝ ኸላስ፣ በቃ» ብለህ መልእክት ልከህ ይኸው ሦስት ሳምንት ዝም አልክ። ወላሂ አንጀቴ ነው ያረረው። እኔ እኮ ወጥ ቤት ነበርኩ!

የምትዘጋብህ ልጅህ ናት። የዚያን ለት፣ የመጨረሻ ስትደውል፣ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ካርቱን እያየች ስልኩ ጠራ፤ ያንተ ፎቶ ብቅ አለ። ቀና እንኳ ሳትል ቀዩን ተጭና ወደ ካርቱኗ ተመለሰች። «አባ እኮ ነው!» ብላት «አባ ካርቱን ያቋርጣል» አትለኝ መሰለህ? አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ስልኩን ነጥቄ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ጩኸቷ ሕንጻውን አናወጠው። ጎረቤታችን እታፈራሁ «ልጅቷ ተቃጠለች እንዴ?» ብላ በሩጫ መጣች። ታውቃታለህ፣ ዕድሜዋን በሰው ቤት ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ረውዳ፣ ምትክ ሳትሰጫት ከእጇ አትንጠቂ። ደግሞስ አንቺ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጠሽ እሷን ብትቆጪ ማን ይሰማሻል?» አለች።

አሁን ሕግ አለን፤ እኔም አለሁበት። ምግብ ላይ ስልክ የለም። ካርቱን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት ብቻ፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፤ ሲያልቅ ራሷ ትዘጋዋለች። በተረፈ ሥራ ትሠራለች። ካልሲ ታጣምራለች፣ ምስር ትለቅማለች፤ ምስሩን ጥላ ጠጠሩን ብታስቀርም ምን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አበሳ ነበሩ። አሁን ግን ወሬዋ አያልቅም። ለካ ወሬኛ ኖራለች፣ ቁርጥ አንተን!

ትናንት ምን ሆነ መሰለህ? በር ሲንኳኳ «አባ መጣ! አባ መጣ!» ብላ እየሮጠች ከፈተች። ጁነዲን ነው። እስኪሄድ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አኮረፈች። ማኩረፉንም ካንተ ነው የወረሰችው።

ሁሉንም እሷ ናት የዘጋችው ብዬ ግን አልምልም። እኔም ብቻዬን ሲመሽብኝ ይከፋኛል፤ በዚሁ ይለፍ።

ጁምዓ ከዐስር በኋላ ካርቱን የለም፣ የአባ ሰዓት ነው ብያታለሁ። የምታነሣው እሷ ናት፤ አረንጓዴውን አሳይቻታለሁ። ከአሁኑ «ዛሬ ጁምዓ ነው?» እያለች ነፍሴን አውጥታዋለች። እንዳታሳፍረኝ።

አላህ ጉልበትህን ያበርታልን፤ ሐጁ በሰላም አልፎ ያንን በር አንተው አንኳኳው።

የሪም እናት፣
ረውዳ

ከታች ያለው ሙጭርጭር የሪም ነው፤ አንተ ነህ አለች። ጁምዓ ድንገት ከተቋረጠ ኔትወርክ ነው፤ መልሰህ ደውል።