ሳይገናኝ የተመረቀው አፕ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሰፈሬ ፉሪ ታክሲ ጠፍቶ ቢሮ ረፍዶብኝ ገባሁ። ለሰበታው ፋብሪካ የምንሠራውን አፕ ቀጠልኩ። ይህች የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇት የኮድ ስብስብ፣ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች ከሚጠብቀው የደህንነት ሲስተም ጋር አፑን የምታገናኘው እሷ ናት። የኔ ሥራ ማስጠንቀቂያውን ስክሪን ላይ ማሳየት ብቻ። እስካሁን ግን የማሳየው ለሙከራ ያስገባሁትን የውሸት ዳታ ነው... ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ሰላም።

አለቃዬ በሪሁን መጣ። "ቅዳሜ ይመረቃል።"

"ከሲስተሙ ጋር ገና አልተገናኘም እኮ።"

"እንግዳ ተጠርቷል፣ ቲሸርት ታትሟል። ባለው እናስመርቃለን።"

ባለው? የቱ አለና?

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ተመረቀ። ስክሪኑ ላይ ሪባን አስረው ቆረጡ። ኬኩ የጾም ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኦቦ ከሊፋ ደግሞ ረመዳን ላይ ናቸው፣ አልቀመሱም። "ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ገለቶማ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑን፣ ደስ ብሏቸው። አፈርኩ።

የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ አጵሎስ "ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ የማይበትን የድሮውን ገጽ አላይም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በሪሁን ቀደመኝ። "ምን በወጣህ።" ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አላገናኘሁም። የሚገናኘው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ሆኜ ነው፤ በሪሁን ግን "ትደርሺበታለሽ" እያለ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ምረቃ። እርር ድብን አልኩ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

የፋብሪካው ሂሳብ ክፍል ቫይረስ ገብቶበት ፋይሉ ሁሉ ተቆልፏል። ሲስተሙ ከዓርብ ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ነበር... የእኛ ስክሪን አረንጓዴ። በሪሁን ለኦቦ ከሊፋ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "አፑማ ይሠራል። ልጁ ነው የማይከታተለው።" አጵሎስን ሊያባርሩት ነው።

ደሜ ፈላ። "እውነቱን ንገራቸው" አልኩት።

"የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ አትሁኚ።"

ወጪት? የበላሁት የሠራሁበትን ነው። ይሄ ሰው ማንን ነው የሚያስፈራራው?

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ቢሮ አልገባሁም። ከፉሪ ቀጥታ ሰበታ። አጵሎስን በር ላይ አገኘሁት፣ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ሲወጣ። እጁን ጎትቼ መለስኩት።

ኦቦ ከሊፋ ፊት ላፕቶፔን ከፈትኩ። የውሸት ዳታውን አጠፋሁ። ላይብረሪዋን ከሲስተሙ ጋር የምታገናኘውን አንዲት አጭር መስመር ጻፍኩ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ። ኦቦ ከሊፋ መነጽራቸውን አድርገው ከዓርብ ጀምሮ ያለውን ማስጠንቀቂያ አነበቡ።

"እና የዚያን ቅዳሜ ያስመረቃችሁኝ ምንድን ነው?"

"ምንም አልነበረም፣ ኦቦ ከሊፋ። ለአጵሎስ የሚያየው ነገር አልሰጠነውም።"

ወደ አጵሎስ ዞሩ። "ዕቃህን መልስ።"

አጵሎስ ቀዩን ስክሪን እያየ "ጌታ ይባረክ" አለ።

በሪሁን ደወለ። "የት ነሽ?"

"ሰበታ። ያስመረቅከውን እያገናኘሁ።"

ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ንዴቴ አሁንም አልበረደም። ነገ ቢሮ አልሄድም፣ ቢሮም የለኝም። አጵሎስ ግን ይገባል።