ለጓደኛሽ የማልልከው ሳሙና

ኅዳር 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለእታለሜ፣

መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ልቤ ቦታው የለም። እኔ ደህና ነኝ። ሳሙና ፋብሪካው የሙከራ ጊዜዬን ሊያበቃልኝ ነው፤ አለቃችን ከፈቀደ በላቦራቶሪው የራሴ ጠረጴዛ ይኖረኛል። አለቃችንን ወሬው ስለማያልቅ «አረፋ» ነው የምንለው፣ ሲፈቅድም ረጅም ንግግር ሳያደርግ አይቀርም። ይሄን ግን በኋላ።

ለጓደኛሽ ከምንሠራው ሁሉ ጠንከር ያለውንና ሽታው ደስ የሚለውን ሳሙና በካርቶን ላኪ ብለሻል። ብልቷ ያሳክካታል፣ ያቃጥላታል፤ ባሏም በጥርጣሬ እያያት ነው፤ ሐኪም ቤት መሄድ አፍራለች ብለሻል። እታለሜ፣ አልልክም። እንዳትቀየሚኝ። ምክንያቱን ለማንም አላወራሁትም፣ ለእሷ ግን ንገሪልኝ።

ባለፈው ወር አዲሱን ባለሽቶ ሳሙና ቤት ወስደን እንድንሞክረው ለላቦራቶሪ ሠራተኞች ታደለን። ሌሎቹ እጃቸውን ታጠቡበት። እኔን ታውቂኝ የለ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ ልክ የለኝም፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ፣ እዚያም ሳይቀር። ማሳከክ ሲጀምረኝ ባልጸዳ ነው ብዬ አበዛሁት። ማቃጠል ሲጀምር ደግሞ ሙቅ ውሃ በጨው። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ቆዳ ያደርቅ እንደሆነ ስለካ የምውል ሰው፣ የገዛ ቆዳዬ ትዝ አላለኝም። ስብሰባ ላይ ስቁነጠነጥ አረፋ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። አብሬ ሳቅኩ። ወንድ የማላውቅ ልጅ ምን ያዘኝ፣ ብናገርስ ማን ያምነኛል እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድኩና ሆዴን ነው አልኳት ነርሷን። ትልቅ ሴት ናት። አየት አደረገችኝና መጋረጃውን ሳበች። ከመረመረችኝ በኋላ ጓንቷን እያወለቀች፣

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆዳ ነው፤ የምትፈገፍጊው ድስት አይደለም» አለችኝ።

የዚያ ቦታ ቆዳ ስስ ነው፣ ቶሎ ይቆጣል፣ በሽታ ባይኖርም አለችኝ። ሳሙና፣ ሽቶ፣ ባለሽታ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት ሁሉ ይቅር፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ከውጪ ብቻ፤ ወደ ውስጥ መታጠብ የለም፣ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ሳያሹ በስሱ ማድረቅ፣ ሰፋ ያለ ጥጥ መልበስ፣ አለማከክ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ቆዳውን ይጠብቀዋል። ከመድኃኒት ቤት በግምት ቅባት መግዛትንማ ወዲያ በይው አለች። እንዳለችው አደረግኩ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ ተረጋጋ። እንዴት እንደቀለለኝ ብታይ።

የጓደኛሽ ግን ከእኔው ጋር አንድ ይሁን አይሁን ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም፤ እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ። ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ሽታ፣ ደም፣ ሽንት ሲወጣ ሕመም፣ ወይም ሳሙናውን ትታ በሳምንት ካልተሻላት፣ ዛሬ ነገ ሳትል ትታይ። ሌላ ነገር ቢሆንም መድኃኒት አለው። ለባሏም እንዲህ በይው፣ የተቆጣ ቆዳ ስለ ማንም ጠባይ አይመሰክርም። ካላመነ አብሯት ሄዶ ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ደግሞ ብቻዋን ባኞ ቤት ዘግታ እንዳታለቅስ። የምታለቅስ መሰለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በካርቶኑ ፈንታ ሰፋ ያሉ የጥጥ የውስጥ ሱሪዎች ልኬአለሁ። የጓደኛሽን ልክ ስለማላውቅ በአንቺ ልክ ገዛኋቸው።

ሐሙስ እደውላለሁ። ከፈለገች ስልኩን ራሷ ትያዘው፤ ስሟን አልጠይቃትም።

የፈራሽውን ሁሉ ፈጣሪ ቀላል ያድርግልሽ፤ ቤትሽም ሰላም፣ ጎንሽም እረፍት ያግኝ።

ታናሽሽ፣
ችኩሏ