ማንም ያላዘዘኝ ጾም

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ «አሁንስ በቃ» የሚለው ማነው? ዳኛው? ቄሱ? ወይስ የተበደለው ሰው?

ዛሬ ሥራ አገኘሁ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ ይሄንን ነበር። ሥራ! በኤሌክትሪክ ሥራ ከተመረቅሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ጋሽ ሞላ የሚባሉ ፎርማን ደውለው «የመብራት ገመድ የምትዘረጋ ልጅ እፈልጋለሁ፤ መምህሮችሽ አንቺን ጠቆሙኝ» አሉ። አዲስ የትምህርት ቤት ሕንጻ ነው፤ መስከረም ሳይጠባ ማለቅ አለበት። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

«የት ነው ጋሼ?»

«ቢቸና። የፊታችን ሰኞ ትጀምሪያለሽ። እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂኝ።»

ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ቢቸና ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት። አራት ዓመት ሙሉ አልረገጥኳትም፤ እማዬ ናት ሞጣ ድረስ እየመጣች የምታየኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቦኖ ላይ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሳለ የሰፈራችን ልጅ ትርንጎ ጄሪካኔን በእግሯ ገፋችው። ተሰዳደብን። ድንጋይ አነሳሁ። ለማስፈራራት ነበር እላለሁ፤ እውነቱን ግን እኔም አላውቀውም። የግራ ዓይኗ ጠፋ። እኔ አሥራ አንድ ወር ማረሚያ ቤት ከወጣት ጥፋተኞች ጋር ቆየሁ። ስወጣ እማዬ ቤት እንኳ ሳታስገባኝ ወደዚህ፣ አክስቴ ዘንድ አመጣችኝ።

ትርንጎ ዛሬም ቢቸና ናት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሐያት ሥራ ማግኘቴን ሰምታ ሳምቡሳ በፌስታል ይዛ መጣች። ጓደኛዬ ናት፤ አብረን ተምረን አብረን ተመረቅን። አባቷ እዚሁ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነው።

«ምስር ነው፤ አንቺን አስቤ ነው። ብዪ!»

«አልበላም፤ ጾም ነኝ።»

«ማክሰኞ? የምን ጾም? የሐዋርያት አልቋል፣ ፍልሰታ ገና ነው! ካንቺ ጋር ሁለት ዓመት ስውል የእናንተን ጾም ከቄስ እኩል አጥንቻለሁ እኮ።»

ሳቅን። እሷ ግን አልተወችኝም። ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማልቀምስ ነገርኳት። «ለምን?» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦኖውን፣ ድንጋዩን፣ ማረሚያ ቤቱን። ስነግራት ሳታውቀው የራሷን ዓይን በእጇ ከደነችው።

«ጭራሽ አታይበትም?»

«ጭራሽ።»

ጃንጥላዋን አነሳች። «ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ» ብላ ወጣች። ዝናቡ እየዘነበ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ሐያት አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፤ አታነሳም።

ቢቸና ብሄድ የሚያስፈሩኝ፦

— ቦኖው።

— የትርንጎ ታላቅ ወንድም።

— ገበያ መሐል «ያቺ አይደለችም እንዴ?» የሚል ሰው።

— ትርንጎ። በቀረችው ዓይኗ እንዴት አድርጋ እንደምታየኝ።

ባልሄድ የሚያስፈራኝ፦ እንዲሁ እንደታሰርኩ መኖር።

ለጋሽ ሞላ «ይቅርታ፣ አልችልም» ብዬ መልእክት ጻፍኩ። አልላክሁትም። አላጠፋሁትምም። አክስቴ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ውሸት ላይ ጎበዝ ሆኛለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

ጠዋት በሩ ተደበደበ። ሐያት! እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት።

«አንቺ ልጅ! ሁለት ዓመት አንድ መሰላል ላይ ወጥተን! አንቺ ቆጣሪ ስታጠፊ እኔ ገመዱን በባዶ እጄ ስይዝ ነፍሴን አምኜሽ ነበር። ይሄን መንገር ከበደሽ?»

«ትሸሽኛለሽ ብዬ ነው።»

«ሸሸሁ እኮ! አንድ ቀን ተኩል ሸሸሁ፤ አልቻልኩበትም።»

መቼም እንደዚያ አቅፌያት አላውቅም። ወዲያው ገፋ አደረገችኝና «ይሄን ጾም ቄሱ ናቸው ያዘዙሽ?» አለች። «አያውቁም» አልኳት። «እንግዲያው እንጠይቃቸዋለን። ተነሽ።»

እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ውጪ ጃንጥላ ይዛ ቆመች። እኔ የንስሐ አባቴን እቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው። መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ እንደምጾም ነገርኳቸው።

«አርባ ቀን ጾምና ስግደት ነው የሰጠሁሽ። ጨርሰሽ መጣሽ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብዬ አሰናበትኩሽ። ከዚያ ወዲህ ማን ጨመረብሽ?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቀሰስሽው?»

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን ፊታቸውን አልፈቱም። «እሱ የፈታውን አንቺ መልሰሽ የምታስሪው ከሱ በልጠሽ ነው? ትሕትና እንዳይመስልሽ ልጄ፤ ትዕቢት ነው። ለመሆኑ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀሻታል?»

«ሽማግሌዎች አስታርቀውናል።»

«አንቺ ነበርሽ?»

«ማረሚያ ቤት ነበርኩ።»

«እንግዲያው ጾሙን ተይውና እሷ ዘንድ ሂጂ።»

ሐያት ገና ስታየኝ «ምን አሉሽ?» አለች። «ብዪ አሉኝ» አልኳት። ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆመን አንድ ዳቦ ለሁለት ገመስን። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እንደምንም ዋጥኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ለጋሽ ሞላ ደወልኩ። እመጣለሁ አልኳቸው። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ!

እማዬ ግን ስደውልላት ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ በሰላም ከተቀመጥሽበት? የተኛ ነገር ለምን ትቀሰቅሻለሽ?» ብዙ ለመንኳት፤ በመጨረሻ ትርንጎ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደምትሠራ ነገረችኝ።

ሐያት ፒንሳዬንና ቴስተሬን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። አብረሽኝ ነይ ብላት «አይሆንም፤ እሷ ዘንድ ብቻሽን ነው የምትገቢው» አለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

የምጽፈው እማዬ ቤት ሆኜ ነው። ትርንጎ ዘንድ ደርሼ መጣሁ። አየኋት።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠፋኝ። ቢቸና ስወርድ ገበያው ደርቷል። ማንም አላወቀኝም። ማንም!

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ ገበሬ የመታወቂያ ኮፒ ይጠብቃሉ። ትርንጎ ዞረች። ወዲያው አወቀችኝ።

«ኮፒ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ቁሚ፤ ደንበኛ አለኝ።»

ቆምኩ። ገበሬው ሄዱ፤ ሁለት ተማሪዎች ገቡ፤ ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር። ሁሉም ሲወጡ ከተለማመድኩት ሁሉ ይቺ ብቻ ወጣችኝ፦ «የወረወርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማሽኑን አጠፋችው።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔን ከጓዳ የጠራኝ የለም» አለች። «አባቴ ነው የታረቀው። እኔ አልታረቅሁም።»

«እኔም አልነበርኩም» አልኩ።

ያኔ ነው በደንብ ያየችኝ። «ጉድ ነው! ሁለታችንም በሌለንበት ነዋ የታረቅነው!» ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «አሁን መልስ አትጠብቂ። ሰምቻለሁ። ሌላውን አላውቅም።»

«እሺ።»

«ሥራ ልትገቢ ነው የመጣሽው አሉ?»

ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል! አዎ አልኳት፤ ሕንጻውን ጠቀስኩላት።

«መንገድሽ በዚህ ነዋ። ስታልፊ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትሄጂ። እንደዚያ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። በይ ዞር በዪ፣ ሰው መጣ።»

እሑድ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ከእማዬ ጋር አስቀደስን። አንዳንድ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሌላዋ ነጠላዋን ሰብስባ አለፈችኝ። ሁለቱንም ቻልኩ።

ትርንጎ ይቅር አላለችኝም። ምናልባት መቼም አትል ይሆናል፤ መልሱ የሷ ነው። የጨመርኩትን ጾም ግን እኔው አነሳሁት። ምሳ ላይ እማዬ ለሳምንቱ ምን ልሥራልሽ ስትለኝ፣ ሳላስበው ማክሰኞ የምበላውን መምረጥ ጀመርኩ።

ከሰዓት ጋሽ ሞላ ደውለው አብራኝ ልትሠራ የነበረችው ልጅ እንደቀረችባቸው ነገሩኝ። ለሐያት ይሄን ላክሁላት፦

«ነገ በትርንጎ በር አልፋለሁ። ቀና ብዬ እንደማልፍ አልምልልሽም። አንድ ሰው ጎድሏል፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ። አባትሽን አስፈቅጂና ነይ፣ መሰላሉን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ። ትመጫለሽ? ዛሬውኑ መልሺልኝ።»